ፀሐይ ያልተጠራችበት እራት

ደብዳቤው ሲመጣ ቅጣት መስሎኝ ነበር፤
ዘውድ አለው ከግርጌው፣ ማኅተም እንደ ድንበር።
ሚስቴ ስትቀድደው ቁጭ ብዬ ፈራሁ፤
«ክቡር አቶ ኢፍጣር» ሲል ግን በጣም ሳቅሁ።
ኢፍቲኻር ነኝ እኔ፣ ኩራት ነው ትርጉሙ፤
ማፍጠሪያ አደረጉት ፊደል ሲያስታምሙ።

«ለሙስሊም ወገኖች ሚኒስትሩ በክብር
አሰናድተዋልና የረመዳን ግብር፣
ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ወደቡ አዳራሽ…»
ግብር ደግሞ ሁለት ነው፤
አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይከፈላል፤
የትኛው እንደሆነ ደብዳቤው የት ይላል?

ከምሽቱ አንድ ሰዓት! በሰኔ! ኦርሁስ ላይ!
እስከ አራት ድረስ የማትጠልቅ ፀሐይ
ባለችበት አገር። እሷን ማን ጠየቃት?
ከነጓዟ መጣች ማንም ሳይጠራት።

ሄድን። መቅረት ማለት «አልዋሐድም» ነዋ።
ሳቢሃም መጣች፣ ስፌት ነው ሙያዋ፣
ባጀቱ ተቆርጦ ዝም ብሏል መኪናዋ።
የመርከብ ብየዳ ግራ ዓይኑን የቀማው
ፊክሬትም ደረሰ፣ ያ ሽማግሌ የቦስኒያው።

አዳራሹ ያበራል፤ ጨርቁ ነጭ፣ ሹካው ብር፤
የበግ ሥጋ ይጨሳል በየትሪው ዳር፤
«ሐላል» የሚል ካርድ ቆሟል እንደ ዘብ፣
ባንዲራ ተተክሏል ከሾርባው አጠገብ።

ሚኒስትሩ ገቡ፤ ጨበጡን በሙሉ፤
ደረቴን አንብበው «አቶ ኢፍጣር!» አሉ።
ሳቢሃ ግን እጇን ደረቷ ላይ ጣለች፣
የሚኒስትሩ እጅ አየር ላይ ቀረች፤
ፎቶ አንሺው ያቺን
አላየሁም አለ።

«ድልድይ» አሉ፣ «እጅ» አሉ፣ «ማዕዳችን አንድ ነው»፣
«ብሉ እንጂ!» ዝም። ሹካውን ማን ያንሣው?
ያኔ ወደ መስኮት ዓይናቸው ሄደች፤
ከወደቡ ክሬን ጫፍ ፀሐይ ቁጭ ብላለች፣
ወንበር እንዳጣ እንግዳ ትመለከታለች።

«ግድ የለም» አለ ፎቶ አንሺው፣ «ለካሜራው ብቻ፣
ሹካ ከፍ! ፈገግታ! አንድ ጊዜ ብቻ!»
አነሣን። ባዶውን። እንደ ጦር ዘመቻ።

ሁለት ተኩል ሲሆን፣ «ባቡር አለኝ» ብለው
ሚኒስትሩ ሄዱ፣ ባንዲራውን ትተው።
ሦስት ሰዓት ላይ ዘበኛ፦ «አዳራሹ ይዘጋል፣
የትርፍ ሰዓት የለም፤ ደንቡ እንዲህ ይላል።»

ሲሰል ብቻ ቀረች፣ ጥሪውን የጻፈች፣
ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ጆሮዋ በእፍረት ቀልቶ።
«ቀኑን አይቼ ነበር» አለች፣
«ሰዓቱን አላየሁም።»

ትሪውን ተሸክመን ወጣን ወደ ሣሩ፤
ሥጋው ረግቷል፤ የባሕር ወፎች ዞሩ።
ብዙዎቹ ሄደዋል፣ ስድስት ነን የቀረን።
ጫማዋን አውልቃ መሐላችን ተቀመጠች፣
በስልኳ ላይ ደቂቃ እየቆጠረች።
«አሁን?»
«ገና።»
«አሁንስ?»
«ገና ነው፣ ልጄ፤ እሷ አትቸኩልም።»

አራት ሰዓት ከሩብ ክሬኑ ባዶ ሆነ።
ፊክሬት ከካፖርቱ ኪስ ሦስት ተምር አወጣ፣
በብየዳ ጣቱ እኩል እኩል ገመሰ፤
የመጀመሪያውን ግማሽ ለሲሰል ሰጣት፣
ሳትጾም አብራን ጠብቃለችና።
ፍሬውን የት እንደምትጥል ጠፋት፤
እፍኟ ውስጥ ይዛው ሄደች።

ጥቅምት ላይ ሌላ ፖስታ መጣ፤ ያው ዘውድ፣ ያው ወፍራም ወረቀት።
ሰፈራችን አንድ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤
ሕንጻው ይፈርሳል፣ ከነምድር ቤቱ መስገጃ፣
ከነሳቢሃ ዝም ያለ መኪና፤
በሦስት ወር ልቀቁ።
አብሮት አንድ በራሪ ጽሑፍ ታጥፏል፤
ሽፋኑ ላይ እኛ፣ ሹካ ከፍ አድርገን፣
«በአንድ ማዕድ» ይላል።
ከደብዳቤው ግርጌ ፊርማው የሲሰል ነው፤
እጇ ትንሽ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም፣
ወይም እኔ እንዲያ እንዲሆን ፈልጌ ይሆናል።

ሚስቴ ጮክ ብላ ከላይ ጀመረችው፣
ስሜ ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ አለ፦
«ክቡር አቶ ኢፍቲኻር…»
አንድም አልተሳተ፤
እያንዳንዱ ፊደል በቦታው ነበር።